የለገሃር ባቡር ጣቢያ፦ ባለቤቶቹና ሠራተኞቹ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ከተማ፥ በቸርችል ጎዳና ግርጌ የቆመው አሮጌው የባቡር ጣቢያ ለከተማው ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ብዙዎች እንደሚሉት «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ስለ ምድር ባቡሩ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውሎችና ስለ መንግሥታት ክርክር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ወደ ቤቱ ራሱ ተመልሶ ሁለት ነገር ይመረምራል። አንደኛው፥ ሕንፃው በየዘመኑ የማን ንብረት ነበረ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው፥ በየዘመኑ ማን ይሠራበት ነበር የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ። መልሳቸው ግን ለየቅል መሆኑን ከዚህ በታች እንመለከታለን። ዓመቶቹ፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከውሉ እስከ ሕንፃው

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ የ99 ዓመት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዮን ሼፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያም ገንዘቡ አለቀ። የፈረንሳይ መንግሥት እጁን እያስገባ በመሄዱ፥ እንግሊዝና ኢጣልያም በጉዳዩ በመቃወማቸው፥ ሐዲዱ ለብዙ ዓመታት ከድሬዳዋ አልፎ ሊሄድ አልቻለም። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ የሚባለው ተተካ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። የመሥመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፥ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ ግን ከባቡሩ መግባት በኋላ 12 ዓመታት ያህል ቆይቶ፥ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን፥ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ፕላኑን ያወጣው ፖል ባርያ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በዓመቱ፥ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል፥ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከፊቱ ቆመ። ስለዚህ ቤቱ ከመጀመሪያው ሁለት ፊት ነበረው፤ በውስጡ የውጭ ባለአክሲዮኖች የገቢ መዝገብ፥ በደጁ የኢትዮጵያ ዘውድ ምልክት።

2. የባለቤትነት መለዋወጥ

የባለቤትነቱ ታሪክ የአገሪቱን የውጭ ግንኙነት ታሪክ ተከትሎ ይሄዳል። በ1927 ዓ.ም. ላቫልና ሙሶሊኒ በሮማ ሲስማሙ፥ ከኩባንያው አክሲዮን የተወሰነው ለኢጣልያ እንዲተላለፍ ተደረገ። ኢትዮጵያ በዚህ ስምምነት አልተጠየቀችም። በሚቀጥለው ዓመት፥ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ መሥመር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። የአንበሳው ሐውልት ተነቅሎ ወደ ሮማ ተጫነ። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. በሮማ አደባባይ ሰይፍ የመዘዘው ከዚህ አንበሳ ፊት እንደ ሆነ ይተረካል። ሐውልቱ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ዓመታት ቆይቶ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተመልሶ በቦታው ቆሟል።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ መሥመሩ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ እጅ አልገባም። ለጥቂት ዓመታት የእንግሊዝ ጦር ሲያስተዳድረው ቆየ፤ ከዚያም ለፈረንሳዩ ኩባንያ ተመለሰ። በ1952 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ኢትዮጵያ የአክሲዮኑን እኩሌታ አገኘች፤ የኩባንያውም ዋና መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ አበባ መጣ። ጅቡቲ በሰኔ 1969 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የፈረንሳይ ድርሻ መሠረቱን አጣ፤ በ1973 ዓ.ም. ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆነ። ከዚህ መካከል አንድ ሌላ ለውጥ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አድርጓል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቤቱና ቤቱ የቆመበት መሬት ሁለት የተለያዩ የሕግ ነገሮች ሆኑ። ይህ ልዩነት ባቡሩ በሚሠራበት ጊዜ ለማንም አልታየም ነበር፤ ባቡሩ ሲቆም ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ሆነ።

3. በሕንፃው የሠሩት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመጣለን። ባለቤቱ በተለዋወጠ ቁጥር የጣቢያው የዕለት ሥራ ብዙም አልተለወጠም። የአገሪቱ የውጭ ንግድ አብዛኛው ክፍል ለብዙ ዓመታት በዚህ በር ያልፍ ነበር። ቡናና ቆዳ ይወጣል፤ ጨርቅ፥ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፥ መኪና ይገባል። ይህን ሁሉ ከፉርጎ አውርዶ ወደ መጋዘንና ወደ ገበያ የሚያደርሰው ግን የሰው ጀርባ ነበር።

በአዲስ አበባ የሸክም ሥራ ከያዙት ብዙዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ነበሩ። የሰባት ቤት ጉራጌ አገር በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ ወዲህ ግብር በገንዘብ ይጠየቅ ጀመር። እንሰት ቤተ ሰብን ይመግባል እንጂ ብር አያስገኝም። ስለዚህ ከእዣ፥ ከቸሃና ከሌሎችም ቤቶች ወጣቶች የብዙ ቀን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ወደ ከተማው ይወርዱ ነበር። የእዣ ሰው ከአገና አካባቢ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርሰው ባቡር በማያውቀው አገር አቋርጦ ነው፤ ሐዲዱ ወደ ምሥራቅ እንጂ ወደ ጉራጌ አልተዘረጋም። ይሁን እንጂ ሐዲዱ ያመጣውን ዕቃ የተሸከመው እሱ ነው። ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ ግብሩን የሚከፍልበትን ብርና ለቤተ ሰቡ የሚሆን ልብስ ይዞ ይገባ ነበር። በከተማው አነጋገርም የወገኑ ስም የሥራው ስም እስኪመስል ድረስ ተሸካሚን «ጉራጌ» ብሎ መጥራት ተለመደ። ንቀት የነበረበት አጠራር ነው፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን ማስረጃ ነው።

ይህ ሥራ በሸክም ብቻ አልቀረም። ዕቃ የሚሸከም ሰው ዕቃው ከየት እንደ መጣ፥ ለማን እንደሚሸጥና በስንት እንደሚሸጥ በዓይኑ ያያል። ከሸክም ወደ ጉልት፥ ከጉልት ወደ ሱቅ የወጣው ጉራጌ ነጋዴ በመርካቶ ያገኘው ስፍራ ከዚህ ትምህርት የተለየ አይደለም። ስለዚህ ጣቢያው ለፓሪስ ባለአክሲዮን የትርፍ ምንጭ ሲሆን፥ ለእዣና ለቸሃ ሰው የንግድ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

ከተሸካሚዎቹ ሌላ የምድር ባቡሩ ቋሚ ሠራተኞች ነበሩ፤ ባቡር ነጂዎች፥ ብረት ሠራተኞች፥ ጸሐፊዎች። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ በመሆኑ፥ ፊደል ቆጥረው ያልጨረሱ ሰዎች እንኳ ፈረንሳይኛ የሚናገሩበት ሰፈር በዙሪያው በቅሏል። ቡፌ ደ ላ ጋር የሚባለው መጠጥ ቤትም ከባቡር መንገደኛ አልፎ የከተማው ሙዚቃ ወዳድ መሰብሰቢያ ሆኖ ነበር።

4. ሕንፃው ሥራ የፈታበት ጊዜ

የጣቢያው ሥራ የተዳከመው በአንድ ቀን አይደለም። ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ሲሻሻል የጭነት መኪና ከባቡሩ ጋር ተወዳደረ። በ1969 ዓ.ም. በሶማልያ ጦርነት መሥመሩ ተቆረጠ። በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ ንግድ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ለባቡሩ መልካም አጋጣሚ በሆነ ነበር፥ ነገር ግን ሐዲዱና ሎኮሞቲቩ አርጅተው ስለ ነበር ጭነቱን መኪና ወሰደው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስፋቱ የተለየ ሐዲድ ይዞ በለቡ በኩል አለፈ፤ ለገሃር አልደረሰም። ከዚያ በፊት በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር በጣቢያው ፊት በድልድይ ተሠርቶ ስለሚያልፍ፥ የቸርችል ጎዳና እይታ የሚያርፍበት የሕንፃው ፊት ተሸፈነ።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. መንግሥት ኢግል ሂልስ ከሚባል የአቡዳቢ ኩባንያ ጋር በለገሃር 36 ሄክታር ያህል መሬት ላይ አዲስ ሰፈር ለመሥራት የመሠረት ድንጋይ አኖረ። በዚያን ጊዜ በተገለጸው ፕላን አሮጌው ጣቢያ እንዲጠበቅ፥ የሰፈሩም ነዋሪዎች በዚያው አካባቢ ቤት እንዲሰጣቸው ተነግሯል። ዋጋው የሚሰላው ግን ከእንግዲህ በባቡሩ ገቢ አይደለም፤ በመሬቱ ነው።

5. መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከተው ሁለት ነገር እንረዳለን። መጀመሪያ፥ በወረቀት ላይ ያለው ባለቤትነት በ60 ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ሲለዋወጥ ቤቱን ቤት ያደረገው ሥራ ግን ሳይለወጥ ኖሯል። ሁለተኛ፥ ሕንፃው ለአደጋ የተጋለጠው ባለቤቱ ሲለወጥ ሳይሆን ሥራው ሲቆም ነው። ፓሪስ ይህን አይታለች፤ የኦርሴ ባቡር ጣቢያ በፈረንጆች 1900 ተከፍቶ በ1939 የሩቅ አገር ባቡር ካቆመ በኋላ ለመፍረስ ደርሶ ነበር። የዳነው አዲስ ሥራ ስለ ተሰጠው ነው፤ በ1986 ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል።

ለለገሃርም ግድግዳውን ማቆየት ብቻ በቂ አይደለም። የአክሲዮኑ ውልና የመንግሥታቱ ደብዳቤ በአዲስ አበባና በፓሪስ መዝገብ ቤቶች ይገኛል፤ የተሸካሚው ታሪክ ግን በአክሲዮን ደብተር አልተጻፈም። የሚገኘው በእዣና በቸሃ ሽማግሌዎች አፍ፥ በመርካቶም ከሸክም ጀምረው ሱቅ በከፈቱ ቤተ ሰቦች ዘንድ ነው። ሰፈሩ በአዲስ ቤት ሲተካ ነዋሪው ይበተናል፤ ሽማግሌውም አይጠብቅም። ስለዚህ ከወልቂጤ፥ ከአገናና ከእምድብር የመጡ የኮሌጃችን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የአያቶቻቸውን ቃል በስምና በዓመት እየለዩ እንዲጽፉ ያስፈልጋል። ጣቢያው አንድ ቀን ሙዚየም ቢሆን፥ በአዳራሹ የኢልግና የሼፍኖ ስም ብቻ ተሰቅሎ ዕቃውን ያወረደው ሰው እንዳይዘነጋ ያን ጊዜ ማስረጃ ይኖራል።