የቆመ መኪና ባትሪ መድከም (በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ)

የቆመ መኪና ባትሪ መድከም ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉም ተነቅሎ እያለ ባትሪው በአንድ ሌሊት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተሪኖውን ማዞር የሚያቅተው ብልሽት ነው። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ባትሪው የተሞላውን መያዝ አልቻለም፣ ወይ ከመኪናው አንድ ቦታ መጥፋት ሲገባው ያልጠፋ ኮረንቲ አለ። ሁለቱን ሳይለዩ አዲስ ባትሪ መግዛት የተለመደ ጥፋት ነው። ኮረንቲ የሚሰርቅ ነገር ያለበት መኪና አዲሱንም ባትሪ ደጋግሞ እያራገፈ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ዕቃው በኮረም ወይም በላሊበላ መንገድ ተጭኖ በሚመጣበት አገር ደግሞ ይህ ውድ ጥፋት ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ አይሞላም። ናፍጣ ሞተር የሚነሳው አየር ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ሞተሪኖው ንጋት ላይ ረዘም አድርጎ ማዞር ይኖርበታል። ብርዱ በበኩሉ የሞተሩን ዘይት ያወፍራል፣ የባትሪውንም ኃይል ይቀንሳል። አዳማ ላይ በግማሽ ኃይሉ ሞተር የሚያስነሳ ባትሪ በኅዳር ጠዋት በጋዝጊብላ ወይም በደሃና ደጋ ላይችል ይችላል። ወደ ተከዜ ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። በዝቋላና በአበርገሌ ቆላ ሙቀቱ ባትሪውን ከውስጥ ያስረጀዋል። ከመኪናው ተነቅሎ የተቀመጠ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ እንኳ በወር ጥቂት በመቶ ያጣል፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥርም ኪሳራው በግምት በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ቆላ ሲመላለስ የከረመ መኪና የባትሪውን ማርጀት የሚናገረው ደጋ ባደረበት ጠዋት ነው።

በቆመ መኪና ላይ ኮረንቲ ፈጽሞ ዜሮ አይሆንም። ሰዓቱ፣ የሬዲዮው ማስታወሻና የኮምፒዩተር ሳጥኖቹ ጥቂት ይስባሉ። ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፒር ድረስ ጤናማ ነው። በ50 ሚሊአምፒር ልክ ባለ 60 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ለማጣት 25 ቀን ይፈጅበታል። ግማሽ አምፒር የሚሰርቅ ነገር ካለ በሁለት ቀን ተኩል እዚያው ይደርሳል። ማብሪያው ተጣብቆ የቀረ የፍሬን መብራት፣ ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖል፣ ሦስት አምፒር ተኩል ይወስዳል፤ ለእሱ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የደከመበት ጊዜ ርዝመት ራሱ ፍንጭ ስለሆነ ጥሩ ባለሙያ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት «ስንት ቀን ቆመ?» ብሎ ይጠይቃል።

ምርመራው የሚጀምረው ከባትሪው ነው። ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቶ ማሳደር ቀላሉ ፈተና ነው። ምንም ሳይታሰርበት አድሮ ከወረደ ጥፋቱ የባትሪው ነው፤ ካልወረደ የመኪናው ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የአሲዱን ክብደት በመለኪያ ማየት ይቻላል፤ ሙሉው 1.265 አካባቢ ነው፣ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ከሌሎቹ በ0.05 ካነሰ ያ ክፍል ሞቷል። ከባትሪው የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ አይተንም። ስለዚህ ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው፤ «ጉልበት እንዲያገኝ» እየተባለ አሲድ መጨመር ሰሌዳዎቹን መብላት ነው። የጠጠር መንገድ አቧራና የአሲድ እርጥበት በባትሪው ጀርባ ላይ ሲቀላቀሉም ኮረንቲ ያስተላልፋሉ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ፖዘቲቩ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ጀርባ ፕላስቲክ ላይ ሲያስነኩት ቮልት ካነበበ ባትሪው በሶዳና በውሃ መታጠብ አለበት።

የባትሪው ንጽሕና ከተረጋገጠ ቴስተሩ ወደ 10 አምፒር ቀዳዳ ተዛውሮ በኔጌቲቩ ምሰሶና በተፈታው ገመድ መካከል ይገባል። በሁለቱ የባትሪ ምሰሶዎች ላይ በቀጥታ ማስነካት ግን ሾርት ነው፣ መሣሪያውንም እጅንም ያቃጥላል። ቴስተሩ እንደተያያዘ ሞተር ለማስነሳት መሞከርም አይገባም። አዳዲስ መኪኖች ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በር ከተዘጋ በኋላ የኮምፒዩተር ሳጥኖቹ እስኪተኙ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል የመጀመሪያውን ንባብ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ቴስተር በሌለበት በዚያው ቦታ ባለ 5 ዋት አምፖል ማሰር ይበቃል። ደምቆ ከበራ ብዙ እየተሰረቀ ነው፤ ጭራሽ ካልበራ ከባድ ስርቆት የለም፣ ቀላሉን ግን አያሳይም። ከዚያ ፊውዞቹ በየተራ ይነቀላሉ፤ ንባቡን ያወረደው ፊውዝ ሌባው ያለበትን መስመር ይጠቁማል።

በዋግ ኽምራ መንገዶች በሚሠሩ መኪኖች ላይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በኋላ የተጨመረ ዕቃ ነው። ጂፒኤስ፣ አላርም፣ የስልክ ቻርጀር፣ አምፕሊፋየር፣ በዕርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘሮች ላይ ያለው የረጅም ርቀት ሬዲዮ ብዙ ጊዜ በፊውዝ ሳጥኑ ሳያልፉ በቀጥታ ከባትሪው ይታሰራሉ። የመኪናው ፊውዞች ቢነቀሉ እነዚህን አያጠፏቸውም።

ከሁሉ የሚያታልለው የኢሱዙና የሌሎች ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪናዎች ጉዳይ ነው። እነዚህ ላይ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ይታሰራሉ። ቴፑ ወይም ቻርጀሩ ባለ 12 ቮልት ሲሆን፣ መቀነሻ ከመግዛት ይልቅ ከአንደኛው ባትሪ ላይ ብቻ ይቀጠላል። ያ ባትሪ ለብቻው ይራቆታል። ዲናሞው ደግሞ ሁለቱን የሚሞላው እንደ አንድ ነው፤ የተራቆተው ሳይሞላ ይቀራል፣ ሞልቶ የነበረው ከመጠን በላይ እየተሞላ ውሃውን ይጨርሳል። ሁለቱን በአንድ ላይ የለካ ሰው 24.5 ቮልት አንብቦ «ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ ለየብቻ ሲለኩ አንዱ 12.8፣ ሌላው 11.7 ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ለየብቻ መለካት ግዴታ ነው። ሲቀየሩም ሁለቱ አብረው ነው የሚቀየሩት፤ አሮጌና አዲስ አብሮ ማሰር ያንኑ መዛባት መልሶ ያመጣል።

ፊውዞች ሁሉ ተነቅለው፣ በቀጥታ ከባትሪው የታሰሩት ዕቃዎችም ተፈትተው ኮረንቲው ካልወረደ ጥርጣሬው ወደ ዲናሞው ይዞራል። በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ኮረንቲ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላሉ፤ አንዱ ሲበላሽ ባትሪው በዲናሞው በኩል ሌሊቱን ሙሉ ይፈሳል። መኪናው ቆሞ አድሮ ዲናሞው ጠዋት ለብ ካለ ምልክት ነው። ባትሪው ከተፈታ በኋላ ወፍራሙን የዲናሞ ሽቦ ፈትቶና ጫፉን ሸፍኖ እንደገና መለካት ነገሩን ይቆርጠዋል።

ያለ ምንም ስርቆትም ረጅም መቆም ይጎዳል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራ የውጊያ ቀጣና ነበር፤ መብራትና መንገድ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ባዶውን የቆመ ባትሪ ሰሌዳ ላይ የሰልፌት ክሪስታል ይጠነክራል፣ ከወራት በኋላ ቻርጅ ቢደረግም ሙሉ ጉልበቱ አይመለስም። መኪና ለሳምንታት ሊቆም ከሆነ ኔጌቲቩን መፍታት ወይም መቆጣጠሪያ ያለው ትንሽ የፀሐይ ፓነል ማሰር ይረዳል።

ሾፌሮች ባትሪያቸውን ካላመኑ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ቁልቁለት አድርገው ያቆማሉ፣ ጠዋት በማርሽ ያስነሳሉ። ይህ የሚሠራው ባትሪው ትንሽ ኃይል ሲቀረው ብቻ ነው። በብዙ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ነዳጁን የሚከፍተው ሶሌኖይድ ኮረንቲ ይፈልጋል፤ አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪናም በመገፋት አይነሳም። ከጭነት መኪና በኬብል ኮረንቲ ሲወሰድ ባለ 12 ቮልቱን መኪና ከ24 ቮልት ጋር ማያያዝ ኤሌክትሮኒክሱን ያቃጥላል፤ ሞተሩ የጠፋ የጭነት መኪና ከሆነ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ማሰር ይቻላል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪኖችም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱ ቆሞ ከደከመ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም።