የጨረር ሕክምናን መጠን የሚመዘግበው ጄል እንዴት ይሠራል? በምንስ ይፈተሻል?

በካንሰር የጨረር ሕክምና የሚታዘዘው ጨረር ዕጢው ላይ ማረፍ፣ በዙሪያው ያለው ጤናማ አካል ደግሞ በተቻለ መጠን መትረፍ አለበት። መጠኑን የሚያሰላው ኮምፒውተር ነው። ስሌቱ በተግባር ከሚሰጠው ጨረር ጋር መግጠሙ ካልተረጋገጠ ግን ውጤቱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። እ.አ.አ. በ2000 እና በ2001 በፓናማ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም፣ ጨረር ስለሚከልሉ ብሎኮች ወደ ኮምፒውተር የገባው መረጃ ስሌቱን በማዛባቱ 28 ታካሚዎች ከታዘዘላቸው በላይ ጨረር አግኝተዋል። ከእነርሱም ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ።

ያን ስህተት ለማግኘት ስሌቱን በእጅ ደግሞ መሥራት ወይም በውሃ ውስጥ አንድ ነጥብ ላይ መለካት ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን መሣሪያዎች ጨረሩን ከብዙ አቅጣጫ እየላኩ በዕጢው ቅርጽ ልክ ስለሚያሳርፉት፣ አንድ ነጥብ መለካት ብቻውን ሙሉውን ምስል አያሳይም። ፊልምም ቢሆን የሚያሳየው አንድ ገጽ ነው። ፖሊመር ጄል የተፈለገው በስፋት፣ በቁመትና በጥልቀት ስለሚመዘግብ ነው።

ጄሉ በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ስለዚህም ጨረርን የሚቀበልበት መንገድ ከሰው ሥጋ ጋር ይቀራረባል። ጄላቲንና ሞኖመር የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎችም አሉት። ጨረር የውሃውን ሞለኪውሎች ሲሰባብር የሚፈጠሩት ቅንጣቶች ሞኖመሮቹን እያያያዙ ረጅም ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊመር ያደርጓቸዋል። ጄላቲኑ ሰንሰለቱን በተፈጠረበት ስፍራ ይይዘዋል። ጨረር ያገኘው ክፍል ነጭ ሆኖ ለዓይን ይታያል፤ መጠኑን በቁጥር የሚያነበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤምአርአይ ነው።

ከዚህ በፊት፣ እ.አ.አ. በ1984 ጆን ጎርና ባልደረቦቹ ብረት ያለበትን ጄል በዚሁ መንገድ ማንበብ እንደሚቻል አሳይተው ነበር። የብረቱ አዮኖች በሰዓታት ውስጥ ስለሚንሸራሸሩ ግን ምስሉ ይደበዝዛል። በ1993 ማሬክ ማሪያንስኪና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ፖሊመር ጄል ይህን ችግር ቢፈታም ሌላ አመጣ፤ ኦክስጅን የሰንሰለቱን መፈጠር ስለሚያግድ ጄሉ አየር በሌለበት መዘጋጀት ነበረበት። ከግብአቶቹ አንዱ የሆነው አክሪላማይድም ነርቭን ይጎዳል። በ2001 ይፋ የሆነው ማጂክ የተሰኘው ጄል፣ ቫይታሚን ሲ ተብሎ በሚታወቀው አስኮርቢክ አሲድና በመዳብ አማካይነት ኦክስጅንን ስለሚያስር በተራ ጠረጴዛ ላይ ሊዘጋጅ ቻለ።

ጄሉ ራሱ ሳይፈተሽ ግን አይታመንም። ከአንድ ቅይጥ ትናንሽ ብልቃጦች ተሞልተው የታወቀ መጠን፣ ለምሳሌ 2፣ 4 እና 6 ግሬይ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ንባባቸው ከመጠኑ ጋር ተገናዝቦ መለኪያ መስመር ይሠራል። በጥድፊያ ማንበብ ያሳስታል፤ ጨረሩ ከቆመም በኋላ ኬሚካዊው ሂደት ለሰዓታት ይቀጥላልና። ሙቀትም ንባቡን ይለውጠዋል። ትልቁ ዕቃ ከብልቃጦቹ ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ፣ ያው ቅይጥ በሁለቱ ዕቃዎች የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ በእኔ ግምት ከሁሉ አስቸጋሪው ፈተና ይህ ነው። 4 ግሬይ በፍጥነትም ሆነ በዝግታ ቢሰጥ ንባቡ አንድ መሆኑም ይመረመራል።

በመጨረሻ የጄሉ ምስል ከኮምፒውተሩ ዕቅድ ጋር ይነጻጸራል፤ በተለምዶ የ3 በመቶ የመጠንና የ3 ሚሊሜትር የቦታ ልዩነት ተቀባይነት አለው። አንድ ጊዜ ጨረር ያገኘ ጄል ዳግም አያገለግልም፤ ለቀጣዩ ልኬት አዲስ ቅይጥ ይዘጋጃል፤ የብልቃጦቹም ፍተሻ እንደገና ይጀመራል።