ለአንድ ታስክ ምን ያህል ስታክ ይበቃዋል?

በመኪና ሞተር መቆጣጠሪያ፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ወይም በሆስፒታል የመድኃኒት ፓምፕ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ኮምፒውተር ብዙ ታስኮችን ጎን ለጎን ታካሂዳለች። ለእያንዳንዱ ታስክ ፕሮግራመሩ አስቀድሞ ቆርጦ የሚሰጠው የሜሞሪ ክፍል አለ፤ ስታክ ይባላል። አንድ ፈንክሽን ሲጠራ የመመለሻ አድራሻውና ጊዜያዊ መረጃዎቹ እዚያ ላይ ይደረደራሉ፤ ሲጨርስ ይነሳሉ። ሰፌድ ላይ እንደተደረደረ እንጀራ፣ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል።

መጠኑ ከበዛ ራም ይባክናል፤ ጠቅላላ ራሙ 20 ኪሎባይት በሆነ ቺፕ ላይ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ካነሰ ግን የባሰ ነው። ስታኩ ወሰኑን አልፎ በጎረቤቱ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜም ከልካይ የለውም። ፕሮግራሙ ወዲያው ስለማይወድቅ ከቆይታ በኋላ የሚያብደው ምንም ያላጠፋው ሌላ ታስክ ይሆናል። በዚህ ሙያ ያላችሁ አንባቢያን እንዲህ ያለውን ስህተት ስንት ሌሊት እንደፈለጋችሁት ታውቁታላችሁ።

የተለመደው መለኪያ ቀለም እንደመቀባት ያለ ነው። ፍሪአርቶስ የተባለው ስርዓት የስታክ ፍተሻው ሲከፈትለት፣ ታስኩ በሚፈጠርበት ጊዜ ስታኩን ባይት በባይት በ165 ቁጥር ይሞላዋል። ታስኩ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ከጫፉ ጀምሮ ሳይነካ የቀረው 165 ይቆጠራል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ የሚናገረው ግን የታየውን ብቻ ነው። እኔ ራሴ የሠራሁበት አንድ መሣሪያ ሳምንት ሙሉ ተፈትኖ የስታኩ ሲሶ አልተነካም ነበር። ደንበኛው ዘንድ ኬብል ሲነቀል የስህተት መልእክት የሚያዘጋጀው ፈንክሽን 256 ባይት ማቆያ ስታኩ ላይ ዘረጋና ነገሩ ተበላሸ። በፈተናው ጊዜ ኬብል የነቀለ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ስሌትም ያስፈልጋል። ጂሲሲ ኮምፓይለር ሲታዘዝ እያንዳንዱ ፈንክሽን ስንት ባይት ስታክ እንደሚወስድ በፋይል ጽፎ ይሰጣል። ማን ማንን እንደሚጠራ ተከትሎ ጥልቁን መንገድ መደመር ነው። ለምሳሌ ሦስት ተከታታይ ፈንክሽኖች 40፣ 72 እና 256 ባይት ቢወስዱ 368 ይሆናል። በኮርቴክስ ኤም3 ላይ ታስኩ ተራውን ለሌላ ሲለቅ የሚቀመጡት 16 ሬጅስተሮች 64 ባይት ይጨምራሉ፤ 432። ሩቡን መጠባበቂያ ብናክልበት 540 ባይት። በኮርቴክስ ኤም4 ላይ ታስኩ የአስርዮሽ ስሌት ክፍሉን ከተጠቀመ ያ 64 ወደ 200 ይጠጋል። ኢንተራፕቶች በኮርቴክስ ኤም የራሳቸው ስታክ አላቸው፤ በኤቪአር ቺፖች ላይ ግን በየታስኩ ስታክ ላይ መታሰብ አለባቸው።

ስሌቱም ቢሆን የሚታወርበት ቦታ አለ። ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ኮምፓይለሩ አያውቅም፤ በአድራሻ የሚጠራ ፈንክሽንም ማን እንደሆነ አይታየውም። የሚስራ ሲ ደንብ የመጀመሪያውን ዓይነት የሚከለክለው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በ2007 በኦክላሆማ በደረሰ የቶዮታ ካምሪ አደጋ ምክንያት በ2013 በተካሄደው ችሎት፣ የከሳሾቹ ባለሙያ ማይክል ባር ኩባንያው 41 በመቶ ብሎት የነበረውን የስታክ አጠቃቀም 94 በመቶ ሆኖ እንዳገኘው መሰከረ፤ ያውም ራሳቸውን የሚጠሩት ፈንክሽኖች ሳይታሰቡ። ቶዮታ ተከራከረ፤ ጁሪው ግን ፈረደበት። በእርግጥ የቀረበው ማስረጃ ስታክ ብቻ አልነበረም፤ በ2011 የወጣው የናሳ ጥናትም የኤሌክትሮኒክስ መንስኤ አላገኘም ነበር።

የመጨረሻው ወጥመድ መለኪያው ነው። ፍሪአርቶስ ስታክን የሚቆጥረው በባይት ሳይሆን በዎርድ ነው፤ በ32 ቢት ቺፕ አንድ ዎርድ 4 ባይት ስለሆነ ለ540 ባይት የሚጻፈው 135 ነው። 540 ብሎ የጻፈ 2160 ባይት ይወስዳል። ኢኤስፒ32 ላይ ያለው የዚሁ ስርዓት ቅጂ ደግሞ በባይት ይቆጥራል፤ ከዚያኛው ወደዚህኛው ፕሮግራሙን ገልብጦ 135ን ሳይነካ የተወው ሰው ታስኩ ገና ሲነሳ ይወድቅበታል።