በቡሪ የእህቶቻችን ምንዛሪ

የማኅበራችን ታሪክ ሲነሣ ስለ ሊቃነ መናብርትና ስለ በዓላት ብዙ ይነገራል። እኛ ቡሪ ሱቅ የነበረን ሰዎች ግን የወገናችን ገንዘብ በማን እጅ ሲዘዋወር እንደኖረ ስላየን፣ እሱም እንዲመዘገብ ወደድን። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በካርቱም ምንዛሪ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1989 መጨረሻ ወታደራዊው መንግሥት የውጭ ገንዘብ ይዞ የተገኘን ሰው በስቅላት እስከ መቅጣት ደርሶ ነበር። ገበያው ግን አልጠፋም። ሱቅ አል-ዓረቢ ቆመው የሚመነዝሩት ወንዶች ነበሩ፤ ከእኛ ወገን የሚመነዘረው ገንዘብ ግን በአብዛኛው በሰው ቤት የሚሠሩና መንገድ ዳር ሻይ ቡና የሚያፈሉ እህቶቻችን ላብ ነው። ኢቃማ የሌላት ሴት የባንክ ደብተር ከየት ታመጣለች? ባንኩም የሚከፍለው በመንግሥት ዋጋ ነው። በእጇ እንዳትይዘው ከሻ አለ፤ አፈሳው ሲመጣ ጀበናና ሲኒዋ ሳይቀር ይወሰድባታል።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ትመጣለች። «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ገባ?» ጊኔውን ተቀብለን በደብተር እንጽፋለን፣ አዲስ አበባ እንደውላለን፣ እዚያ ያለው ሰው ለእናቷ ብሩን ይሰጣል። የእኛና የእሱ ሒሳብ በዕቃ ይዘጋል። ደረሰኝ የለም። ጊኔ በወደቀ ቁጥር የሚጎዳው የእርሷ ደመወዝ እንጂ የእኛ ትርፍ አልነበረም፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ቁጥሩም ራሱ ፈተና ነበር። በ1992 አንድ ዲናር በ10 ጊኔ፣ በ2007 ደግሞ አንድ አዲስ ጊኔ በ100 ዲናር ተተካ። ሕዝቡ ግን በአሮጌው መቁጠሩን ስላልተወ አንዱን አዲስ ጊኔ «አልፍ»፣ ማለትም ሺህ፣ ይለው ነበር። በመተማ አዲስ የመጣች ልጅ «ሦስት መቶ አልፍ» ስትባል ሦስት መቶ ሺህ ቢመስላት አይፈረድባትም። ስሌቱን ያስተማሯት ቀድመው የመጡት ሴቶች ናቸው። እቁባቸውን፣ ሱዳኖች «ሰንዱቅ» የሚሉትን፣ የምትሰበስበው ሴት ሦስት ሱቅ ጠይቃ ሳታወዳድር ጊኔ አትሰጥም ነበር። ዋጋ ያስተካከልነው በእነርሱ ግፊት ነው።

በጁላይ 2011 ደቡብ ሱዳን አብዛኛውን ነዳጅ ይዛ ስትለይ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፋ። በፌብሯሪ 2021 መንግሥት ዶላሩን ከ55 ወደ 375 ጊኔ ሲያወጣው ጋዜጣው ሁሉ ጉድ አለ። እህቶቻችን ግን አልደነቃቸውም፤ በሱቅ ዋጋው ቀድሞ እዚያው አካባቢ ደርሶ ነበርና።

አፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ቡሪ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ በመሆኑ ተኩሱ ደጃችን ነበር። እቁቡ ገና መሀል ላይ ነው። ሰብሳቢዋ ገዳሪፍ ከደረሰች በኋላ ዕጣ ያልወጣላቸውን በስልክ እያፈላለገች፣ ያላትን ከፋፍላ ላከችላቸው። የላከችውም እንደ ወትሮው በዕለቱ ዋጋ ነው።