አምስት ቁልፎች ለአምባሰል

ከደሴ ወደ ወልድያ ሲወጡ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሐይቅ ከተማ ትገኛለች። ከሐይቅ ወደ ሰሜን አገሩ አምባ በአምባ ይሆናል፤ አምባሰል ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚህ ነው፤ ግሸን ማርያምም ያለችው እዚሁ ነው። የአገሩ ገዢዎች ጃንጥራር በሚባል የራሳቸው ማዕረግ ይጠሩ ነበር። ለሙዚቃ ሰው ግን አምባሰል ሲባል ከተራራው ቀድሞ ትዝ የሚለው ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ተብለው ከሚቆጠሩት ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል።

ያ ቅኝት በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ከኤሌክትሮኒክ ማሽን ጋር በአንድ ካሴት ላይ ተገናኝቶ ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1985 ለማሽን ወዳጆች የተለየ ዓመት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፅ ብቻ እያሰማ ብዙ ልጆችን ዜማ ቀማሪ አድርጎ ነበር። በ1985 አታሪ ኤስቲ የሙዚቃ መሣሪያ የሚገናኝበትን ሚዲ መሰኪያ ይዞ ገበያ ወጣ። በዚሁ ዓመት በሐምሌ ወር አሚጋ የተባለው ኮምፒውተር ኒው ዮርክ ላይ ሲመረቅ፣ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል የዘፋኟን የደቢ ሃሪን መልክ በሕዝብ ፊት በማሽኑ ሠራ። ዛሬ ጎልማሳ የሆኑ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ያን ዘመን ሲያነሡ የሚናፍቁት ማሽኑን ራሱን ነው። የካሴቱ ሠሪ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ከዚህ ይለያል። እሱ ገና ማሽኑ ፊት ሲቀመጥ ናፍቆቱን ይዞ ነበር።

ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ፤ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ። በአሥራ አራት ዓመቱ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ተቀላቅሎ አኮርዲዮን ለመደ። አኮርዲዮን ያኔ በየመጠጥ ቤቱና በየመድረኩ የተለመደ መሣሪያ ነበር፤ ኦርጋን ሲመጣ ቀስ በቀስ ከመድረክ ገለል አለ። ኃይሉ ራሱም ወደ ኦርጋን ተሻግሮ ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ተጫወተ። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ ከማይመለሱት አንዱ እሱ ሆነ።

አራት ዓመት ቆይቶ አንድ ካሴት ለብቻው ሠራ። ከጀርባው ባንድ አልነበረም። የልጅነት አኮርዲዮኑን አወጣና በሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሙግ ሲንተሳይዘር፣ በያማሃ ዲኤክስ7 እና በሪትም ማሽን አጀበው። ሁሉንም በየተራ እየተጫወተ በላይ በላዩ ደረበው። በካሴቱ ካሉት የቆዩ የአገር ቤት ዜማዎች መካከል አንዱ «አምባሰል» ነው።

ዲኤክስ7 በ1983 የወጣ፣ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ነው። ኮምፒውተር ተብሎ አልተሸጠም፤ በሆዱ ያለው ግን ስሌት ነው። አንዱ ሞገድ ሌላውን እያናወጠ አዲስ ድምፅ ይወልዳል፤ ዘዴውን በ1967 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያገኘው ጆን ቻውኒንግ የተባለ ሙዚቀኛ ነው። እዚህ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ አምባሰልን የፈለገ ሰው ከ«ዶ» ተነሥቶ አምስት ቁልፍ ይመርጣል፦ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን ሁለት ሙሉ እርምጃ መዝለል ነው። የአምባሰል ጠባይ ያለው እዚህ ጠባብና ሰፊ መካከል ላይ ይመስለኛል።

መሰንቆ ተጫዋች ቁልፍ አያውቅም። ጣቱ በአንዲቱ የፈረስ ጭራ ላይ ይንሸራተታል፤ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ እየነካ ያልፋል። ዲኤክስ7 ላይ ቁልፍ ከቁልፍ የተለየ ነው። ስለዚህ «ማሽን ቅኝታችንን አበላሸው» የሚል ቅሬታ ተደጋግሞ ይሰማል። ቅሬታው ውስጥ እውነት አለ፤ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ግን ተዛብቷል። አኮርዲዮንም እንደ ኪቦርዱ ድምፁ አስቀድሞ የተወሰነ፣ የማይንሸራተት መሣሪያ ነው። አምባሰልን ከመሰንቆ ጭራ አውርዶ በቁልፍ ላይ ማስቀመጥ ዲኤክስ7 ከመወለዱ ብዙ ዓመት በፊት ተጀምሯል። ኃይሉ የናፈቀውም ያንን የመጀመሪያውን ለውጥ፣ የአኮርዲዮኑን አምባሰል ነበር። ለአንዱ ትውልድ ባዕድ የነበረው ለሚቀጥለው ትዝታ ሆኖ ተገኘ።

ካሴቱ በተሠራ ጊዜ ወሎ በረሃብ ላይ ነበረች። በጥር 1985 ሎስ አንጀለስ ላይ «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተባለው የእርዳታ ዘፈን ሲቀዳ፣ ዓለም የወሎን ስም ከቆረም መጠለያ ጋር አያይዞ ነበር የሚያውቀው። ካሴቱን የዚያ ኀዘን መታሰቢያ አድርጎ መተርጎም ያጓጓል። እኔ አልደፍርም፤ ዜማው ከረሃቡ በፊት የነበረ፣ በሰርግም በጭፈራም የኖረ ነው።

እንደ ቅኝቱ ሁሉ ፊደልም በዚያው አሥርተ ዓመት ወደ ማሽን የሚወስደውን መንገድ ሄዷል። የዳሸን ኢንጂነሪንጉ ፍሥሓ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ አሜሪካ ውስጥ ግዕዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ ሲደክሙ፣ እያንዳንዱ ሆሄ በነጠብጣብ ፍርግርግ ላይ መሣል ነበረበት። የያኔው ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ሠላሳ ሦስቱ ሆሄያት በሰባት ተባዝተው 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ለዚህ ነው አንዳንዱ ፊደል ለሁለት ለሦስት ፎንት የተከፋፈለው። የዚያን ዘመን ፍሎፒ ዛሬ የከፈተ ሰው በአማርኛው ፈንታ የላቲን ዝብርቅርቅ የሚያየው ደግሞ ሆሄያቱ የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው ስለነበር ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ በ345 ምልክቶች። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለአባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው ወንጌል ግን ከነሥዕሉ እስካሁን ይነበባል። ብራናን ከፍሎፒ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት መሆኑን አውቃለሁ።

የኃይሉ ካሴት ዕድል ከፍሎፒው የተሻለ ሆነ። ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው ድርጅቱ አማካይነት በ2013 እንደገና አሳተመው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ኃይሉ «ላላ በሉ» (2018) እና «የኔ ምርጫ» (2020) የተባሉ አዳዲስ አልበሞች አወጣ።

ካሴቱ በየሱቁ አቧራ ሲጠጣ በኖረባቸው ዓመታት ሠሪው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። በደለስ አየር ማረፊያ ተራውን እየጠበቀ፣ ከመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ያወጣና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲመጣ መልሶ ይከተዋል።