ስለ ዐናጢ እርሳስና ስለ አቀራረጹ

በሰሜን አዲስ አበባ በጉለሌ የሚገኘው ሸጎሌ ስሙን ያገኘው የቤላ ሻንጉሉ ገዥ ሸህ ሆጀሌ አል ሐሰን በዚያ ካሠሩት ፎቅ ቤት ነው። የባለቤቱ ስም በሕዝብ አፍ ሲመላለስ ቈይቶ የሰፈር ስም ሆነ። በዚያ ዘመን የተሠሩት የአዲስ አበባ ታላላቅ ቤቶች ግንባቸው ድንጋይና ጭቃ ቢሆንም ጌጣቸው እንጨት ነበረ፤ የሰገነታቸው ዙሪያና የጣሪያቸው ከንፈር በመጋዝ ተፈልፍሎ እንደ ጥልፍ ይታያል። በዚህ የግንባታ ዘመን የህንዶቹ የሐጂ ከዋስና የወሊ መሐመድ፥ የአርመኑም የሚናስ ኸርበኪያን ስም ይነሣል። ነገር ግን ሳንቃ እንደ ጥልፍ ከመፈልፈሉ በፊት ጥልፉ በሳንቃው ላይ መሣል አለበት። ስለ መጋዙና ስለ መሮው ብዙ ሲነገር፥ መጋዙን የመራው መስመር በምን እንደ ተሠመረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እርሳስ የሌለው ዐናጢ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ከሰል ወይም የቢላዋ ጫፍ። የከሰል መስመር ወፍራም ነው፤ እጅ ሲነካውም ይጠፋል። የቢላዋ ጭረት ቀጭንና እርግጠኛ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ስሕተቱ ከእንጨቱ ጋር ይኖራል። የብራና ጸሐፊዎችም መስመራቸውን ያለ ቀለም በወስፌ ጫፍ ተጭነው ያሠምሩ ነበር፤ ለብራና ይህ በቂ ነው፥ ለሻካራ ሳንቃ ግን አይታይም። እርሳስ የሁለቱን መካከል ይዞ መጣ፤ እንደ ጭረት ይቀጥናል፥ እንደ ከሰልም ይጠፋል።

ስሙ ራሱ ከስሕተት የተወለደ ነው። እርሳስ የከባዱ ማዕድን ስም ሲሆን ዐረቦችም ረሳስ ይሉታል። በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በቦሮውዴል የተገኘው ጥቁር ነገር የዚህ ማዕድን ዐይነት ስለ መሰላቸው አውሮፓውያን በዚሁ ስም ጠሩት። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሼለ እ.ኤ.አ. በ1779 የከሰል ወገን መሆኑን አስረዳ፤ በ1789ም ቬርነር ግራፋይት ብሎ ሰየመው። እንግዲህ ከሰል ይዞ ያሠምር የነበረው ዐናጢ ከዛሬው ያን ያህል የራቀ አልነበረም። ስኳድራን፥ ፒንሳንና ካቻቪቴን ለአማርኛ ያወረሰው ጣሊያንኛ እርሳስን ላፒስ ይለዋል፤ በአማርኛ ግን ላጲስ የሚጽፈው ሳይሆን የሚያጠፋው ሆኖ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1795 ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ የቦሮውዴል ማዕድን ስለ ተቋረጠ፥ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የግራፋይት ዱቄት ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በእሳት ጠበሰው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፥ ሲያንስ ይለሰልሳል፤ በእርሳስ ጫፍ የሚታተሙት የኤችና የቢ ፊደላት ይህን ያመለክታሉ። የዐናጢ ምርጫ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለቀላው ጽድ ጠቆር ብሎ የሚታይ ለስላሳ እርሳስ ይሻላል፤ ለነጣውና ለተላገው ዝግባ ጠንከር ያለው ይስማማዋል። እጅግ ጠንካራው ግን እንጨቱን ይቦረቡራል፤ ጥቁረቱ ቢጠፋ ጐድጓዳው ከቀለም በታች ይቀራል። በመጋዝ ብቻ ለተሰነጠቀ ሻካራ ባሕር ዛፍ የሚሆነው ጠፍጣፋው የዐናጢ እርሳስ ነው። ጠፍጣፋነቱ ከጣሪያ ላይ ተንከባሎ እንዳይወድቅ ነው። ዕድሜያቸው እጅግ ከገፋው የታወቁ እርሳሶች አንዱም በጀርመን አገር በ17ኛው መቶ ዓመት ቤት ጣሪያ ውስጥ የተገኘ የዐናጢ እርሳስ ነው።

ጠፍጣፋው እርሳስ በተማሪ መቅረጫ አይገባም፤ በሰንጢ ወይም በመሮ ይቀረጻል። ስለቱ ከሰውነት ወደ ውጭ እየሄደ፥ በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ይልጣል። ለሻካራ ሥራ ጥቁሩ አጭር ሆኖ ይተዋል፥ ረጅሙ ይሰበራልና። ለጥሩ ሥራ ግን ጫፉ እንደ መርፌ ሳይሆን እንደ መሮ አፍ ተደርጎ በብርጭቆ ወረቀት ይሳላል፤ ጠፍጣፋው ገጽ በስኳድራው ላይ ተኝቶ ይሄዳል። መርፌ የመሰለው ጫፍ ሲጀምር ያምራል፥ ጥቂት ስንዝር ከተሠመረ በኋላ ግን ይደነዝዛል፥ መስመሩም ይወፍራል። አንድ ሚሊ ሜትር የወፈረ መስመር መጋዙ በግራው፥ በመካከሉ ወይስ በቀኙ እንደሚሄድ አይናገርም። ስምንት ማጋጠሚያ ባለው ሥራ በየማጋጠሚያው አንድ ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ወገን ቢከማች ስምንት ይሆናል፤ መዝጊያው ከመቃኑ አልገባ ሲል የሚወቀሰው መጋዙ ነው፥ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከእርሳሱ ነው።

ስለ እንጨቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ለእርሳስ የሚሆን እንጨት ቀጥ ያለ ሥር ያለውና ለቢላዋ የሚታዘዝ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካው ቀይ ጽድ ሲመናመን ፋብሪካዎች የገበሬ አሮጌ አጥር ሳይቀር ገዝተው ይሰነጥቁ ነበር። ያን ጊዜ ዐይናቸው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዞረ፤ ጀርመኖች ከኡሳምባራ ተራሮች፥ እንግሊዞችም ከኬንያ እንጨት እየቈረጡ ላኩ። በንግድ ዓለም የአፍሪካ የእርሳስ ጽድ የተባለው ይህ ዛፍ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1847 ዩኒፔሩስ ፕሮሴራ ያሉት፥ በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው ጽድ ራሱ ነው።

ከሸጎሌ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ግን ጽዱን ለቤትና ለማገዶ ሰጥቶ ተራቁቶ ነበር፤ በእንጨት እጦት ምክንያት ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ከተማውን አዳነ፤ ለምሰሶና ለማገርም በቃ፥ ለእርሳስ ግን ጠማማና አስቸጋሪ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ጽድን ከኮሶ፥ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቍረጥን ከለከለ። በዚህ መካከል የምሥራቅ አፍሪካ ጽድ በጣት ውፍረት ተሰንጥቆ፥ ቀለም ተቀብቶ፥ ባሕር ተሻግሮ ለዐናጢ በእርሳስ መልክ የተመለሰበት ጊዜ ሳይኖር አልቀረም። የዛሬው እርሳስ አብዛኛው ከሌላ፥ ሽታ ከሌለው ነጭ እንጨት የተሠራ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጊዜ በመሮ መላጥ ይበቃል፤ ጽድ ከሆነ ፍቅፋቂው ይቀላል፥ ሽታውም አዲስ እንደ ተላገ ሣጥን ነው።