አንድ ፊደል፣ 161 ዓመት

ተማሪ ሳለሁ ነው። በተለማማጅነት እሠራበት በነበረ አንድ ጋዜጣ ላይ የአንድ አንጋፋ ማሲንቆ ተጫዋች ታሪክ ጻፍኩ። ጽሑፉ ወጣ። የመጀመሪያዬ ነበርና ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ጋዜጣውን ይዤ በየዘመዱ ቤት ዞርኩ። በማግስቱ የባለታሪኩ ልጅ ደወለች። የአባቷን የአባት ስም አበላሽቼዋለሁ። «ወልዴ» የሚለውን «ወልዱ» ብዬዋለሁ። «አባባ ፍሬም አስገብቶ ሊሰቅለው ነበር» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

ወደ አዘጋጁ ሮጥኩ፤ እርማት እናውጣ አልኩት። «አንቺ ደግሞ፣ ለአንድ ፊደል!» ብሎ ሳቀ። እርማቱ አልወጣም። ጋዜጣውም አልተሰቀለም።

እናላችሁ፣ «አንድ ፊደል» የምትለዋን ነገር በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአንድ ሌላ ሙዚቀኛ ታሪክ አለ። ፊልሙን አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል፦ በስቲቭ ማክዊን ዳይሬክተርነት በ2013 የወጣው «12 ዓመታት በባርነት»። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) ፊልሙ በማርች 2014 የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ወሰደ። ሉፒታ ኒዮንጎም ያን ቀን ነው የራሷን ኦስካር የተሸለመችው።

ባለታሪኩ ሰሎሞን ኖርተፕ በኒውዮርክ ግዛት ነፃ ሆኖ የተወለደ ጥቁር ነበር። ባለትዳር፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ቫዮሊን ተጫዋች። በ1841 ሁለት ሰዎች መጥተው ከሰርከስ ቡድን ጋር ቫዮሊን ብትጫወት ጥሩ ገንዘብ ታገኛለህ አሉትና ዋሽንግተን ወሰዱት። አንድ ቀን ሲነቃ በሰንሰለት ታስሮ ራሱን አገኘ። ነፃ ሰው ነኝ ሲል ተገረፈ። በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ተጫነ፤ በመርከቡ መዝገብ ላይ የተጻፈው ስም ግን ሰሎሞን አይደለም፤ «ፕላት» ይላል።

ይቺን ስም ያዙልኝ።

ሰሎሞን በሉዊዚያና እርሻዎች ላይ 12 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ሳሙኤል ባስ የሚባል ካናዳዊ አናጺ በ1852 ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤው ሰሜን ደረሰ፤ ሄንሪ ኖርተፕ የተባለ ነጭ ጠበቃም ሊያስፈታው ወረደ። ማርክስቪል ከተማ ገብቶ ቢጠይቅ ሰሎሞን ኖርተፕ የሚባል ሰው የሚያውቅ ጠፋ! ሰውየው እዚያው አካባቢ ጥጥ እየለቀመ ነው፤ ስሙ ግን የለም። የአገሩ ሰው የሚያውቀው ፕላትን ብቻ ነበር። ባስ ተፈልጎ ተገኝቶ የባርነት ስሙን ባይናገር ኖሮ ጠበቃው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችል ነበር። በጃንዋሪ 1853 መጀመሪያ የአካባቢው ሸሪፍ ጥጥ እርሻው ድረስ ሄዶ ማንነቱን ያረጋገጠውም የሚስቱንና የልጆቹን ስም እያስጠራ ነው።

በዚያው ወር፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1853፣ ዛሬ ኒውዮርክ ታይምስ የምንለው ጋዜጣ ታሪኩን በሰፊው አወጣ። ጋዜጣው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ታዲያ ስሙን በርዕሱ ላይ «ኖርትረፕ»፣ በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ «ኖርትሮፕ» ብሎ አተመው። ስሙን ተቀምቶ 12 ዓመት የኖረ ሰው፣ ነፃ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ስሙ በአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ተበላሸ።

ስህተቱ እዚያው ተቀመጠ። ፊልሙ ኦስካር ባገኘ ማግስት አንድ የትዊተር ተጠቃሚ የድሮውን ጽሑፍ ከማኅደር አውጥቶ አሳየ። ማርች 4 ቀን 2014 ጋዜጣው እርማት አወጣ። ከ161 ዓመት በኋላ!

ብዙ ሰው ሳቀ። ሰሎሞን መቼና የት እንደሞተ እንኳ አይታወቅም፤ እርማቱ ለማን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ሄንሪን አስባለሁ። የሰሎሞንን ትክክለኛ ስም ይዞ ማኅደር ውስጥ የሚፈልግ ተማሪ ያንን ጽሑፍ በቀላሉ አያገኘውም፤ ልክ ሄንሪ ማርክስቪል ላይ እንደጠፋበት። እርማት የይቅርታ ወግ ብቻ አይደለም፤ የጠፋ ሰው የሚገኝበትን መንገድ መክፈት ነው።

ደግሞ ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስህተቱን የሚያቃኑት ባለሥልጣኖች አይደሉም። ሰሎሞን የራሱን መጽሐፍ በዚያው በ1853 ሲያሳትም ያታለሉትን ሰዎች የጻፋቸው እነሱ በነገሩት የውሸት ስም ነበር። መጽሐፉን ያነበበ አንድ ሰው ለይቷቸው እውነተኛ ስማቸው ወጣ፤ በ1854 ተያዙ። (ክሱ በ1857 ተቋርጦ ሳይፈረድባቸው ቀረ። ማረም ሁልጊዜ ፍትሕ አያመጣም።) መጽሐፉ ተረስቶ ከቆየ በኋላ ደግሞ ሱ ኢኪን የተባለች የሉዊዚያና ሴት አንድ ቅጂ ስትገዛ መጽሐፍ ሻጩ «ልብ ወለድ ነው» ብሏት ነበር። አላመነችውም። ዓመታት ፈጅታ ከጆሴፍ ሎግስደን ጋር የሰሎሞንን ቃል ከመዝገቦች ጋር አመሳክረው በ1968 አሳተሙት። ማክዊን ኦስካሩን ሲቀበል ስሟን ጠርቶ አመስግኗታል፤ እሷ ግን በ2009 አርፋ ነበር።

እኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ባዮች ነን። ግን የስንቱን ዘፈን ግጥም ደራሲ ስም በትክክል እናውቃለን? አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይገለብጣል፤ ሦስተኛው «እነ እገሌም እንዲህ ነው የጻፉት» ብሎ ይከራከራል። አሥር ቦታ የተጻፈ ስህተት እውነት ይመስላል።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ባለፈው ወር አንድ ነገር አደረግኩ። ያቺን የድሮ ጽሑፌን ስሙን አስተካክዬ በጥሩ ወረቀት አሳተምኩና ማሲንቆ ተጫዋቹ ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ርዕሱን ዘለሉት፤ ቀጥታ ወደ ስማቸው ነው የሄዱት። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና «አዎ፣ ይኼ አባቴ ነው» አሉ።

ለአንድ ፊደል ነው።